እትዬ እድፌ ልትጠርገው የነበረው ብርሃን

እትዬ እድፌ ሰው ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ኮሌታውን ነው። ቀጥሎ የእጅጌውን ጫፍ ታያለች። ከዚያ የሸሚዙን ኪስ፣ በተለይ ከታች በኩል፣ ምክንያቱም እስክሪብቶ የሚያለቅሰው እዚያ ነው። ፊት ላይ የምትደርሰው ምናልባት በሦስተኛው ቀን ነው። ባሏን እንዴት እንዳገባችው ስትጠየቅ እንኳ የምትጀምረው ከሱሪው ነው።

«የሞተር ዘይት ነበረበት፤» ትላለች፤ «እዚህ ጋ፣ ግራ ጉልበቱ ላይ። አስለቅቄ ሰጠሁት። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ፣ እዚያው ቦታ ላይ። እሱንም አስለቀቅሁለት። ሦስተኛው ሲመጣ ሆን ብሎ እንደሚያፈስበት ገባኝ። እንግዲህ ዘይት ከማስለቅቅ ማግባት ይቀላል ብዬ አገባሁት።»

እኔ ካወቅኋት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በአንድ ላውንደሪ ቤት እሷ እድፍ ታስለቅቃለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ደመወዝ ስትፈርም ብቻ ነው የሚታየው። እኔን ካውያ ትለኛለች። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ሥራ ቤታችን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ከኋላ ማጠቢያ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማሉ፤ እኔ መስኮቱ ሥር ከእንፋሎት ጋር እታገላለሁ፤ መሐል ላይ የእሷ ጠረጴዛ አለ። የጠረጴዛው ፊት ነጭ መስታወት ነው፤ ከሥሩ መብራት በርቶበታል። ልብሱን ስትዘረጋበት ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ይመጣና ያልታየ እድፍ ሁሉ ብቅ ይላል። የሻይ፣ የቀለም፣ የሊፕስቲክ፣ ባለቤቱ የማያስታውሰው ነገር ሁሉ። አንዳንዴ ባለቤቱ እያስታወሰ የሚክደው ነገርም አለ፤ እሱን ግን አትናገርም።

ለማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች የምትደጋግመው ሁለት ሕግ አላት። የመጀመሪያው፣ እድፍ ካየሽ ጨርቁን በሁለት ጣት ይዘሽ ሳብ አድርጊው። ነጥቡ ከጨርቁ ጋር ከሄደ የጨርቁ ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን የጠረጴዛው መስታወት ነው የቆሸሸው፣ ልብሱን በከንቱ አታሠቃዪው። ሁለተኛው፣ ከመንካትሽ በፊት ጻፊ። እያንዳንዱ እድፍ ትንሽ ቲኬት አለው፤ ከጠርዝ ስንት ጣት እንደሚርቅ፣ ምን ያህል እንደጠቆረ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደታየ ይጻፍበታል። አስለቅቃ ስትጨርስ ደግሞ ሌላ ቲኬት ትጽፋለች። «በፊት» እና «በኋላ» ይባላሉ። በዚህ የተነሣ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ደንበኛ የለም።

የመጀመሪያውን ሕግ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ትፈጽመዋለች። ሁለት መቶ! ይህንን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ጣሪያው ልውሰዳችሁ።

ከሕንፃው አናት ላይ በሐዲድ እየተንሸራተተ የሚከፈት የቆርቆሮ ክዳን ያለው ጎጆ አለ፤ ውስጡ ወፍራም በርሜል የሚያህል ቴሌስኮፕ ቆሟል። የሰማይ ወዳጆች ማኅበር ንብረት ነው። ሊቀ መንበሩ ጋሼ ሉል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ማንንም ሰው ክፍል ውስጥ እንዳስቀመጡት አድርገው የሚያናግሩ። አንዲት የጥርስ ሐኪምም አባል ናት፤ ክሊኒኳ ከመንገዱ ማዶ ነው። እኔ አባል የሆንኩት ቴሌስኮፑን በደረጃ ሲያወጡ አግዘን ስላሉኝ ነው፤ አግዤ፣ ላቤን ልጠርግ ብዬ ተቀመጥኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ማኅበሩ የሚያሳድደው ነገር እንዲህ ነው። አልፎ አልፎ፣ ሊታሰብ በማይችል ርቀት ላይ፣ አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት ጋማ ጨረር የሚባል ኃይለኛ ብልጭታ ይተኩሳል። ብልጭታው ሰከንዶች ቢቆይ ነው፤ ዓይናችን አያየውም፣ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ግን ይይዙትና ምድር ላይ ለተመዘገቡ ሁሉ «እዚህ አካባቢ ነው፣ ፈልጉ!» ብለው በስልክ ደወል ይልካሉ። ከብልጭታው በኋላ፣ እንደጠፋ እሳት ፍም፣ ቴሌስኮፕ ሊያየው የሚችል ቅሪት ብርሃን ይተርፋል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እያየኸው ይከስማል! ከፍንዳታው ወዲህ ያለፈው ጊዜ እጥፍ በሆነ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ ቶሎ ያየ ሰው ትክክለኛ ቦታውን ቶሎ መናገር አለበት፤ ተራራ ላይ ያሉት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ሳይጠፋ እንዲደርሱበት።

ማኅበራችን ሁለት ጊዜ ተናግሯል። ሁለቱንም ጊዜ ተዋርዷል። መጀመሪያ «አገኘን!» ብለን የላክነው ቴሌስኮፑ ጀርባ ላይ የታሰረው ካሜራ የራሱ ሕመም ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ነጥብ ያወጣል። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ተንከራታች ትንሽ ፕላኔት ነበረች፣ አድራሻዋ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ። ከደወሉ ላኪዎች በጣም ትሑት የሆነ ደብዳቤ መጣ። ትሕትናው ነው የገደለን። «ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ግን ከደወሉ ዝርዝር ልናወጣችሁ እንገደዳለን» ይላል መጨረሻው።

ጋሼ ሉል ስብሰባ ጠሩ። «የሚያስፈልገን የኮከብ አዋቂ አይደለም፤» አሉ፤ «የቆሻሻ አዋቂ ነው።»

እኔ እጄን አወጣሁ። «ምድር ቤት አንድ አለች።»

እትዬ እድፌ በማግስቱ መጣች፤ አራቱን ፎቅ ወጥታ ኮምፒውተሩ ላይ የሰማዩን ሥዕል አየችና ፊቷን አጠቆረች። «ጥቁር ጨርቅ ላይ እኔ ሥራ አልሠራም። ገልብጡልኝ።» ጋሼ ሉል እንደ ድሮ ፊልም ኔጋቲቭ አድርገው ገለበጡላት፤ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቦቹ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኑ። እሷም ጣቷን እየሰነዘረች «ይሄ እድፍ ነው፣ ይሄም እድፍ ነው፣ ይሄኛው ኮከብ ነው» ማለት ጀመረች። አንዱንም አልሳተችም። በሰባት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ከሦስተኛው ውርደት አዳነችን።

ግን አንድ ነገር ደረሰባት። ደወሉን ወደደችው። በስልኳ ላይ አስጫነችው፤ «ጥንግ!» ሲል ከጠረጴዛዋ ብድግ ትላለች፣ ልክ የልጅ ድምፅ እንደሰማች እናት። ለሠላሳ ዓመት ዝቅ ብላ የኖረች ሰው ቀና ማለት ጀመረች። «ካውያ፣» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ይሄ ደወል ቢቀርብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ በእውነት።» ቴሌስኮፑ ላይ ተራ ይሰጠኝ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ሉል «ትደርሽበታለሽ» እያሉ አቆዩአት። ከዚያ አንድ ሳምንት ድዳቸው አበጠና ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ ያዙ፤ ተራው ለእሷ ሆነ። አንድ ምሽት። እኔ ረዳት።

ሱቁን ልንዘጋ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ ሰማዩ ገና መጨለሙ ነው። የመጨረሻውን ሸሚዝ እያጠፍኩ ነበር።

«ጥንግ!»

«ካውያ!» ብላ ጮኸች። «ንቀለው! ሶኬቱን ንቀለውና ና!»

አራት ፎቅ፣ ሁለታችንም ሃምሳን አልፈን! ሦስተኛው ፎቅ ላይ እኔ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ፤ እሷ አልቆመችም። ስደርስ የቆርቆሮውን ክዳን ብቻዋን ገፍታ ከፍታ፣ ቴሌስኮፑን ደወሉ ወዳለበት የሰማይ ጥግ እያዞረች ነው፣ በአፏ እስክሪብቶ ነክሳ። ፍንዳታው በሆነ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ሥዕል ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ።

ነጭ ሰማይ። ጥቁር ነጠብጣብ። መሐል ላይ ሦስት ኮከቦች በመስመር ተደርድረዋል፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፤ እሷ ወዲያው «ቁልፎቹ» አለቻቸው፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። ከትንሹ ቁልፍ አጠገብ ደግሞ፣ ለማመሳከሪያ በያዝነው የድሮ ሥዕል ላይ የሌለ፣ የትልቁን ቁልፍ ያህል የጠቆረ ነጥብ።

ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን።

እኔ «እትዬ… ይሄ ነገር…» ስል፣ እሷ ከንፈሯን ነከሰች።

«እድፍ ነው፤» አለች።

«ግን…»

«ካውያ! ከትናንት ወዲያ እዚያው አካባቢ አንድ ነገር ከካሜራው ላይ ጠርጌያለሁ። አልለቀቀም ማለት ነው። የመጀመሪያ ተራዬ ቀን ሦስተኛውን ውርደት ልላክ? ደወሉን በገዛ እጄ ላስዘጋ?»

ሐኪሟ ጋ ደወለች፤ ስልኩን ከፍ አድርጋ እኔም እንድሰማ።

«ዶክተር፣ ጋሼ አሉ?»

«እሳቸው አሉ፣ አፋቸው ግን የለም፤» አለች ሐኪሟ። «ግማሹን አደንዝዤዋለሁ። ምን ልበልልሽ?»

«ነጥብ አለ በያቸው። እድፍ መስሎኛል።»

ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጥረጊው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ነው የሚሉት። እጃቸውንም እያወናጨፉ ነው» አለች።

እትዬ እድፌ የሚያስፈልጋት ይሄ ብቻ ነበር። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ከመንካቷ በፊት ከቀሚሷ ኪስ የላውንደሪያችንን ቲኬት አወጣች፣ ስክሪኑን በልብስ ሜትሯ ለካች፣ ጻፈች። «በፊት። ከቀኝ ጠርዝ ሰባት ጣት፣ ከላይ አራት ጣት። የትልቁን ቁልፍ ያህል ጥቁር።» ሥዕሉንም «ያልታጠበ» የሚል ስም ሰጥታ አስቀመጠች። ከዚያ ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ጀርባ ፈታች፣ ለብርጭቆ ብቻ በምትይዘው ለስላሳ ጨርቋ መስታወቱን ቀስ ብላ አበሰች፣ መልሳ አጠበቀች። በሃያ አራተኛው ደቂቃ ሁለተኛው ሥዕል ወጣ።

ነጥቡ አለ። ግን ደብዝዟል! አሁን የመካከለኛውን ቁልፍ ያህል ብቻ ነው የጠቆረው።

«እየለቀቀ ነው!» አለችና ትከሻዬን መታችኝ። «አየህ? ግማሹ ለቀቀ! ምንም ቢሆን እጄ ነው!»

እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ አጨበጨብኩላት። ሁለት ያበዱ ሰዎች ጣሪያ ላይ። ሰማይ በስንት ሺህ ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጠውን ነገር እያበስን እንጨፍራለን።

ባሏ ደወለ። «የት ነሽ? እራቱ ቀዘቀዘ።»

«ጣሪያ ላይ እድፍ እያስለቀቅሁ ነው!»

«መቼ ትወርጃለሽ?»

«ሲለቅ!»

«ከባድ ነው እንዴ?»

«እንዳንተ ጉልበት አይከብድም!» ብላ ዘጋችበት።

ሁለተኛው ማበስ ላይ ጊዜ ሄደብን፤ አንዲት ብሎን ከእጄ አመለጠችና ተንከባልላ ጠፋች። በጨለማ በጉልበቴ እየዳህኩ ስፈልግ እሷ ቆማ፣ በስልኳ መብራት አንዴ ወለሉን ዳበሰችውና «ከጫማህ ተረከዝ አጠገብ፣ በስተግራ» አለች። ነበረች። ያቺ ዓይን! አጠበቅን፣ ሥዕል አነሣን። አርባ ስምንተኛው ደቂቃ። ነጥቡ አሁን የትንሹን ቁልፍ ያህል ሆኗል፣ ከመጀመሪያው ሩቡ ቢቀረው ነው።

«አንድ ማበስ ብቻ ቀረኝ፤» አለች በድል አድራጊነት። «መጀመሪያ ግን የ‹በኋላ›ውን ቲኬት ልጻፍ።»

ሜትሯን ስክሪኑ ላይ ዘረጋች። ለካች። ቲኬቱን አየች። እንደገና ለካች።

«ካውያ።»

«አቤት።»

«ሰባት ጣት ነበር። አሁን አምስት ተኩል ነው። ከላይ ደግሞ አራት የነበረው ስድስት ሆኗል።»

«ተንቀሳቀሰ ማለት ነው?»

«እድፍ እኮ አይንቀሳቀስም!» ተቆጣች፣ እኔ ያንቀሳቀስኩት ይመስል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦታ ቀይሮ የጠበቀኝ እድፍ የለም!»

ሦስቱንም ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ያን ጊዜ እኔም አየሁት። በመጀመሪያው ሥዕል ቁልፎቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። በሁለተኛው ትንሽ ዘምመዋል። በሦስተኛው የበለጠ ዘምመዋል። ካሜራውን በፈታንና ባሰርን ቁጥር ዞር ብሎ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ሰማዩ በሥዕሉ ውስጥ ዞሯል። ነጥቡም ከቁልፎቹ ጋር፣ ከትንሹ ቁልፍ ጎን ሳይለይ፣ አብሮ ዞሯል። የመስታወቱ ቢሆን ኖሮ ከመስታወቱ ጋር ባለበት ይቀር ነበር።

እትዬ እድፌ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ጨርቁ ተስቧል፤» አለች በሹክሹክታ። «ካውያ፣ ጨርቁ ተስቧል! ነጥቡ ከጨርቁ ጋር ሄዷል! የጨርቁ ነው! በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የምስብ ሰው፣ ዛሬ አንድ ጊዜ ሳብ አላደርገውም?»

«ታዲያ የለቀቀው…»

«ምን ይለቃል! እየከሰመ ነው እንጂ! አሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ሙሉ፣ ሃያ አራት ላይ ግማሽ፣ አርባ ስምንት ላይ ሩብ። ጊዜው እጥፍ፣ ብርሃኑ ግማሽ! ጋሼ ሰሌዳ ላይ ስለውልን የለም እንዴ? ደግሞስ አቧራ በተገለበጠ ሥዕል ላይ መቼ ጠቁሮ ያውቃል? ብርሃን ስለሚከለክል ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው! ሰባት ወር ሙሉ ይሄንን የምናገረው እኔው ነኝ!» ከዚያ ሳቅ ያዛት። እንዲህ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም፤ የቴሌስኮፑን እግር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። እኔንም ያዘኝ።

ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሐኪሟ ጋ ደወለች።

«ዶክተር፣ እድፍ አይደለም! ብርሃን ነው! ጋሼን ልላከው ወይ በያቸው!»

ጉርምርምታ። ሐኪሟ፣ «አይሆንም ይላሉ። ሦስተኛ ከተሳሳትን አለቀልን ይላሉ።»

«ከሰማዩ ጋር እየዞረ ነው በያቸው።»

ጉርምርምታ። «ተንከራታች ፕላኔትም ከሰማዩ ጋር ይዞራል ይላሉ።»

«ፕላኔት በሠላሳ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ሩብ ይወርዳል ወይ በያቸው! ጎረቤቶቹ አንዳቸውም አልደበዘዙም፣ እሱ ብቻ!»

ከዚያ የብረት ዕቃ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ፣ ሐኪሟም «ጋሼ! ጋሼ፣ ገና አልጨረስኩም!» ስትል።

በስድስት ደቂቃ ጣሪያው ላይ ደረሱ። አንገታቸው ላይ የክሊኒኩ ፎጣ በሰንሰለት እንደታሰረ፣ ጉንጫቸው በጥጥ ተወጥሮ፣ እንደ ሕፃን ምራቃቸው እየተንጠባጠበ። ሐኪሟ ጓንቷን እንዳጠለቀች ከኋላቸው። እትዬ እድፌ በዚያ ሁሉ መሐል ፎጣውን አየችና፣ «ይሄ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው፣ ሙቅ እንዳታስነኩት» አለች።

ጋሼ ሉል ሦስቱን ሥዕሎች አዩ። ቲኬቶቹን አዩ። የድሮውን የሰማይ መጽሐፍ ከፈቱ፤ በዚያ አድራሻ የሚንከራተት ነገር የለም። ጥጡን ከአፋቸው አወጡና፣ ግማሽ አፋቸው እየከዳቸው፣ «ጻፊ» አሉ።

ጻፈች። ቦታውን፣ ሰዓቶቹን፣ የጥቁረቱን ልክ። ጋሼ ሉል «ቁልፍ» የሚለውን ሁሉ በኮከቦቹ ቁጥር እየተኩ አረሙላት። መጨረሻ ላይ ግን እሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረች፦ «በሥዕሎቹ መካከል የካሜራው መስታወት፣ ነጥቡ እድፍ መስሎን፣ ሁለት ጊዜ ተጠርጓል።»

ጋሼ ሉል ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄኛው… የግድ ነው?»

«ደንበኛ ልብሱ ላይ ምን እንዳደረግንበት ማወቅ አለበት፣ ጋሼ።»

«ይስቁብናል እኮ።»

«ይሳቁ። በኋላ ራሳቸው ደርሰውበት ከሚያባርሩን፣ አሁን ስቀው ይመኑን።»

ሐኪሟ «ልክ ናት» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ጋሼ ሉል እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ፈተና እንደሚሰበስብ መምህር፣ «ላኪ» አሉ። ላከች። በስድሳ ስምንተኛው ደቂቃ። ከዚያ አራታችንም የኮምፒውተሩን ስክሪን እናይ ጀመር፣ መልሱ እዚያው ብቅ የሚል ይመስል። አልመጣም። ጋሼን ሐኪሟ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጥርሳቸው መለሰቻቸው። እትዬ እድፌ የቆርቆሮውን ክዳን ስትዘጋ፣ «ስልኬ ጠዋት ዝም ካለ ያን ጊዜ አውቃለሁ» አለች። አልሳቀችም።

ጠዋት ሥራ ገባን። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ናት፣ ስልኳ ከአሲድ ጠርሙሶቹ አጠገብ በጀርባው ተጋድሟል። አንድ ነጭ የሙሽራ ልብስ ዘርግታለች፤ ሳብ ታደርገዋለች፣ ታየዋለች፣ እንደገና ሳብ ታደርገዋለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ያንኑ አንድ ልብስ አርባ ጊዜ ስባዋለች።

«እትዬ፣ ይቀደዳል፤» አልኳት።

«አንተ ካውያህን ያዝ።»

የሱቁ በር ተበርግዶ ተከፈተ። ጋሼ ሉል ናቸው፤ ጉንጫቸው አብጦ ድንች አክሏል፣ በእጃቸው የታተመ ወረቀት ይዘዋል። ለማንበብ ሞከሩ፣ አፋቸው እምቢ አለ። ለእሷ ሰጧት። እጇ እርጥብ ስለነበር እኔ ተቀብዬ አነበብኩት፣ የማሽኖቹን ጩኸት ለመሻር ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«ብርሃኑ ያላችሁት ቦታ ላይ ነው። እኛ ስንደርስበት የበለጠ ከስሞ ነበር፣ ግን ልክ መክሰም በሚገባው መጠን። ርቀቱን ለክተናል፤ ከተነሣ ዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። እስካሁን ከደረሱን ሥዕሎች ሁሉ የእናንተ የመጀመሪያው ይቀድማል። ስለ ማበሱ በግልጽ ስለጻፋችሁ ሥዕሎቹን ለመጠቀም አልተቸገርንም፤ የካሜራው መዞር እንዲያውም ጥርጣሬያችንን አጥፍቶልናል። ደወሉ ይቀጥላል። መስታወታችሁን አሁን መተው ትችላላችሁ፤ ንጹሕ ነው።»

እትዬ እድፌ በጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ከሥር አብርቶ አገጯን ነጭ አድርጎታል።

«ዘጠኝ ቢሊዮን፤» አለች።

«አዎ።»

«ዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት ያለ ዕረፍት መጥቶ፣ መጥቶ፣ መጥቶ… ደጃችን ሲደርስ እኔ በጨርቅ ልጠርገው?»

ያ ሳቅ ተመለሰ። ጋሼ ሉል ያበጠ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው «አታስቂኝ፣ አታስቂኝ፣ ስፌት አለብኝ» እያሉ ከእኛ በላይ ሳቁ። ማጠቢያ ክፍል ያሉት ሴቶች ምን ሆናችሁ ብለው ወጡ፤ ስንነግራቸው የገባቸው ምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ሳቁ። ልብሱን ልትወስድ የመጣችው ሙሽራም ሳቀች፣ ምንም ሳታውቅ።

ከሰዓት በኋላ፣ ነገሩ ሲበርድ፣ እትዬ እድፌ ሳይሞላ የቀረውን የ«በኋላ» ቲኬት ከኪሷ አወጣች። ቀና ብዬ ከካውያዬ በላይ አየኋት፤ በዚያ ለሠላሳ ዓመት ባልተለወጠ ጠባብ ጽሑፏ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ትሞላዋለች። ስትጨርስ ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ልብስ የሚያመጣ ደንበኛ ሁሉ ያነበዋል፦

«ዕቃ፦ ሰማይ፣ ነጭ። እድፍ፦ አንድ። ሁኔታ፦ በራሱ ጊዜ ለቅቋል። ድርጅቱ ተጠያቂ አይደለም።»